ልምምድ አራት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ብራንደን፣ ማኒቶባ።
እንግዳ መቀበያው ላይ እኔ ብቻ፤ የሚወጣ የለ የሚገባ።
ውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ወርዷል፤
አንድ የጭነት መኪና፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ግቢው ውስጥ ያንቀላፋል።
የቀኑን ሒሳብ ዘግቼ፣ ቁልፎቹን ቆጥሬ ሰቅዬ፣
ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩት፣ «እስቲ ዛሬ እንተያይ» ብዬ።

ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው።
አንዲት ሰረዝ ብቻ፣ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም እያለች፣
እንደ ቆመች አስተናጋጅ «ምን ልታዘዝ?» የምትል መሰለች።

ክላሰን ነው ያስጀመረኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፤
ጡረታ የወጣ የጎተራ ሒሳብ ያዥ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለበት።
«እያንዳንዱን በጣትህ ጻፍ» ይላል፣ «መቅዳት መለጠፍ የለም፤
ጣት ያልተሳሳተበትን ነገር ጭንቅላት ይዞት አያድርም።»

ልምምድ አንድ፦ ቃል አትም። ልምምድ ሁለት፦ አባዛ፣ ደምር።
ልምምድ ሦስት፦ ለሣጥኑ ስም ስጠው፣ ቁጥሩን ውስጡ አኑር።
አንዲት ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቼ ግማሽ ሌሊት መለሰኝ፤
«መስመር ሰባት» አለኝ እንጂ አልሰደበኝ፣ አልናቀኝ።
እንዲህ ያለ አለቃ የት ነበር እስከ ዛሬ?
ጥፋቴን ከነመስመሩ የሚነግረኝ፣ ያለ ግልምጫ፣ ያለ ወሬ።
ቅኔ ግን አይገባውም። ሰሙን ብቻ ነው የሚበላ፤
ወርቅ ብቀብርለት አይቆፍርም፣ ካልኩት በቀር አያውቅ ሌላ።

ልምምድ አራት፦ «ስሙን ጠይቅ፤ ከዚያ ሰላም በለው።»
በክላሰን ቋንቋ ሁለት መስመር ነው። ሃሎ፣ ስም፣ በቃ፣ ይኸው።
እኔ ግን በራሴ አፍ ልጽፈው አማረኝና
«እንደምን» ብዬ ቆምኩ፤ ጣቴ አየር ላይ ቀረና።

አደርክ?
አደርሽ?
አደሩ?

ስም ብቻ ለእኛ መች በቃ።
ወንድ ከሆነ፣ እንዲህ። ሴት ከሆነች፣ እንዲያ። ካልሆነ ደግሞ፣ ታላቅ ከሆኑ…
ሁለቱ መስመር ሥር ሰደደ፣ ቅርንጫፍ አወጣ።
ዕድሜ ጨመርኩበት፤ ከሃምሳ በላይ «እርስዎ» እንዲል።
በራሴ ሞከርኩት፦ ሽመክት። ወንድ። ሃምሳ ሁለት።
«እንደምን አደሩ፣ ሽመክት።»
ደነገጥኩ። ማን ነው ያረጀው?
ድንበሩን ቀስ ብዬ ወደ ስልሳ ገፋሁት።

ከዚያ ደግሞ ጥጋብ መጣ። አንዴ ጠይቆ ዝም ማለት ምን ወግ ነው?
«መልስ እስኪሰጥህ ድረስ ደጋግመህ ጠይቅ» አልኩት፤
መልሱን የሚሰማበትን መስመር ግን ረሳሁት።

ደህና ነህ?
ደህና ነህ?
ደህና ነህ?

ከላይ እስከ ታች ጎረፈ፣ ማቆሚያ የለው፣ ትንፋሽ የለው።
ሳቄ አመለጠኝ። ይኼ ስህተት አይደለም፣
አጎቴ ታፈረ ነው፣ ገበያ መሀል ሲያገኘኝ።

በሩ ተከፈተ፤ ብርዱ ቀድሟት ገባ።
የመኪናው ሹፌር፣ ቁልፏን ክፍሏ ውስጥ ረስታ፣ በነጠላ ጫማ።
«ተበላሽቷል?»
«አዎ።»
«ምንድን ነው የሚለው?»
ነገርኳት።
«እስቲ እኔን ይጠይቀኝ» አለች፣ በክርኗ ጠረጴዛውን ተደግፋ።
ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ ጎርፉን ገታሁት።
ዳርሊን። ሴት። አርባ አራት።
«እንደምን አደርሽ፣ ዳርሊን።»
ማደር ምን እንደሆነ ተረጎምኩላት፤ ሌሊቱን ተሻግሮ ንጋት ላይ መድረስ።
ሰዓቱን አየች፣ መስኮቱን አየች።
«ገና መች አደርኩ» አለች፣ ቁልፏን ይዛ ሄደች።

ልክ ናት። ማሽኑ ሰዓት አያይም፤ አላስተማርኩትም።
ለሌሊቱ ሌላ ቅርንጫፍ ከፈትኩ።
ሐሙስ ክላሰን ሲያየው ጣት ባጣው እጁ መስመሮቹን ይቆጥራል፤
«ሁለት ነበር እኮ የጠየቅኩህ» ይለኛል።
አርባ ስድስት ሆኗል፤
«አደራችሁ»ን ገና አልነካሁትም።